ጋሪንቻና የጠፋው መቃብሩ

ዕድርተኛ ነንና ስለ አንድ ሰው ሲወራ አሟሟቱንና አቀባበሩን ሳንጠይቅ አናልፍም። እኔም ስለ ብራዚላዊው ኳስ ተጫዋች ስለ ጋሪንቻ ላወጋችሁ የተነሣሁት ስለ ጎሎቹ ብቻ ብዬ አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በ1933 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወጣ ባለች ፓው ግራንዴ በምትባል የፋብሪካ መንደር ተወለደ። የክርስትና ስሙ ማኑኤል ሲሆን ጋሪንቻ የአንዲት ትንሽ ወፍ ስም ነው። እግሮቹ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የተጣመሙ፣ አንደኛውም ከሌላው ያጠረ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ እንኳን ኳስ ሊጫወት ደህና አድርጎ ይራመዳል ብሎ ማን ያስባል? ዳሩ ግን በ1953 ቦታፎጎ በሚባለው ክበብ ሊፈተን ሲመጣ፣ የብሔራዊ ቡድኑን ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስን አብዶ ሠራበትና ኳሷን በእግሮቹ መሀል አሾለካት። ሳንቶስም በመቆጣት ፈንታ፣ ይህ ልጅ በተቃራኒ ቡድን ገብቶ ሳያስቸግረኝ ቶሎ አስፈርሙት ማለቱ ይነገራል።

በ1958 ስዊድን ላይ ከፔሌ ጋር ዋንጫ በላ። በ1962 ቺሊ ላይ ግን ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ሸክሙ ሁሉ በእነዚያ በተጣመሙ እግሮች ላይ ወደቀ። በእንግሊዝ ላይ 2፣ በአስተናጋጇ በቺሊ ላይ 2 ጎል አገባ፤ ዋንጫውም ደገመ። ሁለቱ አብረው በተሰለፉበት ጨዋታ ብራዚል አንድም ቀን አልተሸነፈችም። ሕዝቡም «የሕዝብ ደስታ» ብሎ ሰየመው።

ምን ይሆናል! አባቱን የጎዳው መጠጥ እርሱንም ያዘው። ኮንትራት ሲያድስ ዋጋው ያልተሞላ ባዶ ወረቀት ይፈርም ነበር ይባላል። ጉልበቱን እያመመው በመርፌ እየተደገፈ ተጫወተ። ሚስቱንና ስምንት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ዘፋኟን ኤልዛ ሶዋሬስን ሲያገባ አገር በሙሉ ተነሣ፤ የሚገርመው ስድቡ የወረደው በእርሷ ላይ ነው። በ1969 ደግሞ ራሱ ይነዳው የነበረው መኪና ተጋጭቶ የኤልዛ እናት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከብርጭቆው የሚያስጥለው አልተገኘም።

ጥር ወር 1983 በ49 ዓመቱ በመጠጥ ምክንያት አረፈ። አስከሬኑ በማራካና ስታዲዮም ተቀምጦ ሕዝቡ ተሰናበተው፤ ከዚያም በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲሄድ መንገዱ በሙሉ ሰው ነበር። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ሸኚ ያገኘ የለም።

በ2017 የማዤ ከተማ ሹሞች መታሰቢያ ሊያደርጉለት ብለው መቃብሩን ሲያጠያይቁ ግን አጽሙ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚናገር ጠፋ። ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሳይዛወር አልቀረም ተባለ፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። የእኛ ዕድር ጸሐፊ እንኳ የድንኳኑን ካስማ ሳይቀር ቆጥሮ በመዝገብ ያሰፍራል! ቤተሰቡም ቢጠየቅ፣ ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።