ባሕር የማታይ ወደብ፤ ድሬ ዳዋና የብላቴን ጌታ ኅሩይ መመለሻ

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥትና ከዚያም በኋላ እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ፥ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ከመርከብ የሚወርደው በባዕድ መንግሥት ምድር ላይ ነበር። ምጽዋ በኢጣልያ፥ ጅቡቲ በፈረንሳይ፥ ዘይላም በእንግሊዝ እጅ ነበሩና፥ መንገደኛው ባሕሩን ሲጨርስ መንገዱን ገና አልጨረሰም። «ሀገሬ ገባሁ» ለማለት ምድረ በዳውን ማቋረጥ ነበረበት። ስለዚህም የባሕር ጉዞው መጨረሻ የሚፈጸመው በየብስ ነበር፤ የምትቀበለውም ከተማ ባሕር የማታይ ድሬ ዳዋ ነበረች።

ከባቡር በፊት ይህ የመጨረሻ መንገድ ከመርከቡ ጉዞ ይልቅ ይከብድ ነበር። ከዘይላ ወይም ከጅቡቲ የተነሣ ነጋዴ ዕቃውን በግመል ጭኖ እስከ ጀልዴሳ ይመጣል፤ በጀልዴሳም ጭነቱን ከግመል አውርዶ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ያዛውርና የሐረርን ዳገት ይወጣል። ውኃው ጥቂት፥ ሐሩሩም ብርቱ ስለ ነበረ፥ ማዕበል ያልጎዳውን ሰው ጥም ይጎዳው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬ ዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱን እስከ ሐረር ማድረስ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ ተተከለ። ስለዚህ ከተማይቱን በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ነው። ከወንዙ በአንድ ወገን ጣቢያውና ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት ከዚራ፥ በሌላው ወገን ገበያው መጋላ ሆኑ። የጀልዴሳም ንግድ ወደዚህ ዞረ።

ከዚህ በኋላ የመመለሻው ሥርዓት የታወቀ ሆነ። ከማርሴይ የተነሣ መርከብ በፖርት ሳይድና በስዊስ አልፎ፥ ባሕረ ኤርትራን ወርዶ፥ በባብ ኤል መንደብ ወጥቶ ጅቡቲ ይደርሳል። መንገደኛው ከዚያ በጧት በባቡር ይሳፈርና በአሊ ሳቢህ፥ በደወሌ፥ በአይሻና በአዲጋላ አልፎ ወደ ማታ ድሬ ዳዋ ይገባል። ዕቃው በሀገሩ መንግሥት ጉምሩክ የሚፈተሸውም እዚህ ነው። ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው በድሬ ዳዋ ያድራል፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ሁለተኛውን ሌሊት በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማው ይገባ ነበር።

በዚህ መንገድ ደጋግመው ከተመላለሱት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በመርሐቤቴ ተወልደው፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፥ በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩት እኒህ ሊቅ በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጊዮርጊስ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ሄደው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ሐዲዱ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበርና፥ ባሕሩን ለጨረሰ ሰው የበቅሎው መንገድ ገና ይቀረው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ጋር እስከ አሜሪካ ተሻግረው ተመለሱ።

ሌላው ጉዞ ከሁሉ ይልቅ የከበረ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፥ አልጋ ወራሽ ልዑል ተፈሪ መኰንን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከራስ ኃይሉ፥ ከራስ ሥዩምና ከሌሎችም መኳንንት ጋር ተነሡ። ኢየሩሳሌምን፥ ግብፅን፥ ፈረንሳይን፥ ቤልጅግን፥ ስዊድንን፥ ኢጣልያን፥ እንግሊዝንና ግሪክን ጎብኝተው በዓመቱ መጨረሻ ተመለሱ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም የዚህን መንገድ ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው ጻፉት። ክብሩ በየከተማው ተገኝቷል፤ ነገር ግን ልዑልነታቸው ከታላላቆቹ መንግሥታት ጋር የተነጋገሩበት የባሕር በር ጉዳይ አልተፈጸመም። በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል በአሰብ ነጻ ቀበሌ ቢፈቀድም፥ ከደሴ ይወርዳል የተባለው መንገድ በሥራ ሳይውል ቀረ። እንግዲህ ታላቁም ታናሹም ወደ ቤቱ የሚመለሰው በሌላው ደጅ አልፎ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ወራት በዚሁ ሐዲድ የመጡ፥ ግን የሚመለሱበት ቤት ያልነበራቸው ነበሩ። እነርሱም ልዑልነታቸው በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያዩዋቸው፥ ወላጆቻቸው በቱርክ አገር ያለቁባቸው አርባ የአርመን ልጆች ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ለተሰማው መዝሙር ዜማውን የደረሱ ሰው ናቸው። ባሕሩ አንዱን ወደ ሀገሩ ሲመልስ ሌላውን ሀገር አልባ እያደረገ ያመጣው ነበር፤ ድሬ ዳዋ ግን ሁለቱንም በአንድ ጣቢያ ታሳልፍ ነበር።

ሌላው የብላቴን ጌታ ጉዞ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ነበር። ከርቀቱ የተነሣ ይህ የባሕር መንገድ ከቀደሙት ሁሉ ይረዝማል። በተመለሱም ጊዜ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ለወገናቸው አካፈሉ። መንገደኛ በድሬ ዳዋ ጉምሩክ ከሚያስፈትሸው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያለው ትርፍ ቀረጥ የማይቆረጥለት ነው።

የመጨረሻው ጉዞ ግን እንደ ቀደሙት አልሆነም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬ ዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ብላቴን ጌታም አብረው ተሰደዱ። ከጅቡቲም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠላት ድሬ ዳዋን ያዘ፤ የመመለሻውም ደጅ ተዘጋ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን በኦሜድላ ገብተው፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ፤ የወጡበት የባሕር መንገድ መመለሻቸው አልሆነም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግን ይህን ቀን ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐርፈው ነበር። ከነጻነት በኋላ ዐፅማቸው መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

አሮጌው ባቡር ሥራውን አቁሞ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የአዲሱም ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። በከዚራ ያለው የቀድሞው ጣቢያ ግን የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህ ጣቢያ ሲጽፉ ስንት ጭነት እንደ ገባና እንደ ወጣ ይቈጥራሉ። ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የሚቈጠረው ግን አጭር ነው፤ ደጋግመው ባሕሩን ለመሻገር ተነሡ፥ ከመጨረሻው ጉዞ በቀር በሕይወት ተመለሱ፤ የመጨረሻውን ጉዞ መመለሻ የፈጸመላቸው ግን ሀገር ነጻ መውጣቷ ነው።