ከደብር የወጣ መጽሐፍና ከሠሪው እጅ የወጣ ፕሮግራም

በዛሬው ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ወይም ለነጋዴ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርተው የሚያስረክቡ ሰዎች አንድ ችግር አለባቸው። ፕሮግራሙ የሚኖረው በገዢው ቤት ነው፤ ሠሪውም በዚያ ቤት ሥልጣን የለውም። ዋናው ጽሑፍ፥ ማለት ሶርስ ኮዱ፥ ያለ ፈቃድ ቢገለበጥ ወይም የሠሪው ስም ቢጠፋ ማን ያያል? ነገሩ አዲስ ይመስላል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ስንመረምር ግን ጥያቄው የቆየ መሆኑን እንረዳለን።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ገዳም ከኖሩ በኋላ፥ በ1240 ዓ.ም. ገደማ በሐይቅ ደሴት የገዳም ትምህርት አቋቋሙ። በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በዚህም ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። ደቀ መዛሙርቱ ወደየአገሩ ሄደው ሌሎች ገዳማትን ስለ መሠረቱ፥ ትምህርትና መጽሐፍ አብረው ከቤት ይወጡ ነበር። የተሰወረ መጽሐፍ አያስተምርምና፥ መደበቅ መፍትሔ ሊሆን አይችልም ነበር።

እንግዲህ አባቶች ምን አደረጉ? በብራና መጻሕፍታችን እንደምናየው፥ የባለቤቱን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ጻፉ፤ የሰረቀውና የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ አደረጉ። «የፋቀው» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብራና ቀለም በቢላዋ ሊፋቅ ይችላልና። ግዝቱ ከመጽሐፉ ጋራ ስለሚጓዝ፥ ባለቤቱ በሌለበትም ቦታ ስለ እርሱ ይናገር ነበር።

ይሁን እንጂ ግዝት የሚይዘው የሚፈራውን ሰው ብቻ ነው። በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተዘረፈ። ለእኛ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው ብለን እናስባለን፤ መጽሐፍን ከሌባ መጠበቅና ከጥፋት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለመጀመሪያው ስምና ግዝት ይረዳሉ፤ ለሁለተኛው ግን የሚበጀው ቅጂ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ የሐይቁም ወንጌል አብሮ ተነሥቷል። ስለዚህ ዋናው በገዳሙ ሳለ፥ ምስሉ በሩቅ አገር ይጠበቃል።

ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። ብዙ ሠሪዎች ሶርስ ኮዱን በቤታቸው አስቀርተው፥ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠውን ብቻ ይሰጣሉ። በአንዳንድ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ግን እንደ ተጻፈ ስለሚሠራ፥ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። ስሞቹን እያወሳሰቡ ማስቸገር ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ አንባቢን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም። በዚህ ጊዜ የግዝቱን ቦታ የሚይዙት ውልና ሕግ ናቸው። የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከሚጠበቁ ሥራዎች ቆጥሮታል። ደግሞም በሕግ የገዛ ሰው አንድ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ ፈቅዷል።

ገዢውም የራሱ ሥጋት አለው። ሠሪው ቢሞት ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ፥ የማይታረም ፕሮግራም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሶርስ ኮዱን ሁለቱም በሚያምኑት በሦስተኛ ወገን እጅ አስቀምጦ፥ የሚከፈትበትን ምክንያት በውል መወሰን በሌላው ዓለም የተለመደ ነው።

ለአገራችን ፕሮግራም ሠሪዎችም ከሐይቅ የሚወሰደው ምክር ይህ ይመስለናል፤ ስምህን በጽሑፉ ውስጥ ጻፍ፤ ለማን ምን እንደ ሰጠህ መዝግብ፤ ዋናውን ጠብቅ፤ ነገር ግን ብቻውን አትተወው። በአንድ ቤት ብቻ የተቆለፈ መጽሐፍ ከሌባ ቢድን እንኳ ከእሳት አይድንም።