ቴሌቪዥኑ ደኅና ነው፤ ታዲያ ምስሉን ማን ከለከለው?

ዛሬ ከዕለቱ የፖለቲካ ወሬ ወጣ ብለን፣ ሳሎናችን ውስጥ ስለተቀመጠው ዕቃ እንነጋገራለን። ርዕሱ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን «ማን ይወስናል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ መልሱም በዚህ ዕቃ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ሲያትል፣ በቼሪ ጎዳና አካባቢም ሆነ በሬኒየር ሸለቆ፣ ያኔ በብዙ ገንዘብ የተገዛ የቆየ ኤችዲ ቴሌቪዥን እስካሁን ያልጣሉ ቤተሰቦች አሉ። ቴሌቪዥኑ ይሠራል። አዲስ የዲስክ ማጫወቻ ሲገጠምለት ግን ወይ ጨርሶ ምስል አይመጣም፣ ወይ የሚመጣው ምስል ደብዛዛ ነው። ባለቤቱ «ተበላሸ» ብሎ ሌላ ይገዛል። በእርግጥ ተበላሽቶ ነው?

ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። እኛ ስደተኞች ይህን ችግር ከሌላው አሜሪካዊ ቀድመን እናውቀዋለን። አገር ቤት የምናውቀው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ይባላል፤ 625 መስመር ሲኖረው በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ የሠርግ ካሴት እዚህ የሚንሸራተትና ቀለም የሌለው ምስል ያሳየን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዲስክ ሲመጣም ልዩነቱ አልጠፋም። የፓል ዲቪዲ 576 መስመር፣ የአሜሪካው 480 መስመር ሆኖ ቀጠለ። በዚያ ላይ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፈሉት፤ አሜሪካ ክልል 1፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ሆነች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የመስመርና የፍጥነት ልዩነቱ ከምህንድስና የመጣ ነው፤ በአንዱ አገር የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50፣ በሌላው 60 ስለነበር። የክልሉ ቁጥር ግን የገበያ አጥር ነው። ሁለቱ ችግሮች ሳሎን ውስጥ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን ይለያያል።

ኤችዲ ቴሌቪዥን አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በ1998 ነው። ሁለት ዋና የምስል ዓይነቶች ነበሩት። አንደኛው 1080አይ ሲሆን፣ 1080ዎቹን መስመሮች አንዱን እየዘለለ በሁለት ዙር ይስላቸዋል። ሁለተኛው 720ፒ ነው፤ 720ዎቹን መስመሮች በአንድ ጊዜ ይስላል። ከቀደሙት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1080አይ ይቀበላሉ፣ 720ፒ ግን አይቀበሉም ነበር። የሚገጠሙትም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጫፍ ባላቸው ሦስት የኮምፖነንት ገመዶች ነው።

በኖቬምበር 2006 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን፣ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ጭምር አድርጎ፣ ገበያ ላይ አወጣ። 1080አይ ብቻ የሚቀበል ቴሌቪዥን የነበራቸው ሰዎች ግን ብዙዎቹን ጨዋታዎች በኤችዲ ማየት አልቻሉም። ጨዋታዎቹ የተሠሩት በ720ፒ ስለነበር፣ መሣሪያው ወደ 1080አይ ከማሳደግ ይልቅ ወደ 480ፒ አወረዳቸው። ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ግን በኤክስቦክስ 360 ውስጥ ምስሉን ቴሌቪዥኑ በሚቀበለው ልክ የሚለውጥ ክፍል አስገብቶ ነበር። ችግሩ በምህንድስና የሚፈታ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሬድመንድም በሌላ በኩል ደንበኞቹን አስከፍሏል። ማይክሮሶፍት ከቶሺባ ጋር ወግኖ በዚያው ኖቬምበር የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ199 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በጃንዋሪ 2008 ዋርነር ወደ ብሉ ሬይ ዞረ፤ በፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ እጁን ሰጠ። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነውና፣ የገዛው ሰው አዲስ ፊልም የማይወጣለት ዕቃ ታቅፎ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ቁልፉ። በ2002 መጨረሻ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ መጣ። ከእሱ ጋር የተጣመረው ኤችዲሲፒ የተባለ ቁልፍ ነው፤ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ምስጢር ተለዋውጠው ካልተዋወቁ ምስል አይለቀቅም። የቀደሙት ቴሌቪዥኖች ይህ ቁልፍ አልነበራቸውም። የዲቪዲ ማጫወቻዎችም የተቆለፈ ፊልምን ወደ 1080 አሳድገው የሚያወጡት በኤችዲኤምአይ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ በኮምፖነንት ከ480ፒ በላይ አይፈቀድም።

ለብሉ ሬይና ለኤችዲ ዲቪዲ ደግሞ ኤኤሲኤስ የሚባል ሥርዓት ተዘረጋ። መሥራቾቹ ስምንት ኩባንያዎች ናቸው፤ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፓናሶኒክ፣ ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ዲዝኒና ዋርነር። ዝርዝሩን ደግማችሁ አንብቡት። ገዢውን የሚወክል አንድም ወንበር የለም። እነዚህ ስምንቱ ባወጡት ውል መሠረት፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2010 በኋላ የሚሠሩ ማጫወቻዎች የተቆለፈ ብሉ ሬይን በኮምፖነንት ገመድ በኤችዲ ማሳየት ተከለከሉ። ከ2013 መጨረሻ በኋላ የሚሠሩት ደግሞ በአሮጌው ገመድ ጨርሶ እንዳያሳዩ ሆነ። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ያው ነው፤ የተለወጠው ውሉ ነው።

«ሌብነትን ለመከላከል ነው» ይላሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ፊልም የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘት አለበት። የአገራችን ዘፋኞችና ፊልም ሠሪዎችም በተባዛ ዲስክ ምን ያህል እንደተጎዱ እናውቃለን። ግን ውጤቱን ተመልከቱ። የኤኤሲኤስ ቁልፍ በ2007 ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ በሴፕቴምበር 2010 ሾለከ፤ ኢንቴልም እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ክልከላው ግን ከሦስት ወር በኋላ እንደታቀደው ቀጠለ። ሌባው መንገዱን አገኘ፤ በር ላይ የቀረው ደረሰኝ የያዘው ገዢ ነው።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። ደንብ የሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠ ሰው፣ ደንቡ ሲወጣ ከፋይ ነው። ይህ በቴሌቪዥን ብቻ የሚሠራ አይደለም።

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ይህን አድርጉ። የቆየ ኤችዲ ቴሌቪዥን ካላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ። በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የምስሉን ልክ 1080አይ ላይ አድርጉት። ብሉ ሬይ በኮምፖነንት ማየት ከፈለጋችሁ ከ2011 በፊት የተሠራ ማጫወቻ ፈልጉ። ከአገር ቤት ለመጣ የፓል ዲስክ ደግሞ ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ የሚለውጥ ማጫወቻ ያስፈልጋችኋል፤ ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲ ስለሆነ ብቻ ፓል ያሳያል ብላችሁ አትተማመኑ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሆሊውድ ፊልም አይደለም፤ እሱ እንደገና ይሸጥልናል። እንደገና የማይሸጥልን የእናት ድምፅ፣ የእህት ሠርግ፣ የአባት ተዝካር ያለበት ዲስክ ነው። የቤተሰብ ዲስክ ቁልፍ የለውም፤ መገልበጥ የሚከለክላችሁ የለም። በቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ግን ዕድሜው ውስን ነው፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ስምንት ኩባንያዎች እስኪወስኑላችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፣ አንድ ቅጂም ለዘመድ ስጡ።

ቸር እንሰንብት።