በኪሮሽ የተሠራች ትንሽ ቦርሳ
ጕብ ያለው ጌጥ በኤውሮፓ የእጅ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስላለው ቦታ

በኢትዮጵያ ከተሞች በጠረጴዛና በወንበር ላይ ለጌጥ የሚነጠፈው የክር ሥራ «ዳንቴል» ይባላል፤ የሚሠራበትም ጫፉ የቆለመመው መርፌ «ኪሮሽ» ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከፈረንሳይኛ የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያው በጥንተ ትርጕሙ ትንሽ ጥርስ፣ ሁለተኛውም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ስሞቹ ጥበቡ በየት በኩል እንደ መጣ ያመለክታሉ፤ ዳሩ ግን ስለ ዕድሜውና ስለ ሠሩት ሰዎች ኑሮ የሚነግሩት ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ በኪሮሽ የምትሠራው ትንሽ የእጅ ቦርሳ፣ በፊቷም ላይ እንደ ፍሬ ጕብ ጕብ እያለ የሚታየው ጌጥ ነው። ነገሩ ሲታይ የትርፍ ጊዜ መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ ያ ጕብታ ለዓይን ደስታ ብቻ የተፈለገ እንዳልሆነ፣ በአንድ ክፉ ዘመንም የብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ በእርሱ ላይ እንደ ተመሠረተ ይገለጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ አሠራሩ

ሽመና ድርና ማግ፣ መወርወሪያና የተተከለ የሸማኔ ዕቃ ይፈልጋል። የሹራብ ሥራም ቢያንስ ሁለት ዘንግ የሚፈልግ ሲሆን፣ ያልተዘጉ ብዙ ቀለበቶች በዘንጉ ላይ ተደርድረው ይቈያሉ፤ ዘንጉ ከወጣ ሥራው ሁሉ ለመፈታት ይቀርባል። በኪሮሽ ሥራ ግን ክፍት ሆኖ የሚያድረው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ መርፌዋን ወደ ውስጥ አስገብታ ክሩን በመንጠቆው እየሳበች አዲስ ቀለበት ታወጣለች፤ አዲሱም የፊተኛውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ሥራውን በማናቸውም ሰዓት አቋርጦ መነሣት፣ በኪስ ይዞ መሄድ፣ ጨለማ ሲሆን አስቀምጦ ሲነጋ መቀጠል ይቻላል። ይህ ጠባዩ ወደ ፊት ለሚነገረው ታሪክ ዋና ቍልፍ ነው።

ትንሿ ቦርሳ ብዙውን ጊዜ ከመካከል ትጀመራለች። ጥቂት ቀለበቶች ተያይዘው ክብ ይሆናሉ፤ ከዚያም በየዙሩ ቍጥራቸው እየተጨመረ ሥራው ወደ ውጭ ይሰፋል። የቦርሳዋ ወለል የሚፈለገውን ያህል ሲሰፋ ጭማሪው ይቆምና ግድግዳው ወደ ላይ ይቆማል። በኢትዮጵያ ስፌት የምትሰፋ ሴት ሙዳይዋን ከመካከል ጀምራ በወስፌ እየወጋች በዙር የምታሳድግበት መንገድ ከዚህ ጋራ በዘዴ ይመሳሰላል። በመጨረሻም ቦርሳዋ አፏን የሚሰበስብ ገመድ ይገባላታል።

ጕብ ያለው ጌጥ የሚገኘው በአንዲት ቀላል ብልሃት ነው። ለአንድ ስፌት በምትበቃው ቀዳዳ ውስጥ አራት ወይም አምስት ረዣዥም ስፌቶች ይሠሩና አናታቸው በአንድነት ይቋጠራል። በጠባብ ስፍራ ብዙ ክር ስለ ተጨናነቀ በስተ ጐን የሚሄድበት አያገኝም፤ ስለዚህ ወደ ፊት ይወጣና ያብጣል። ከዚህ ዓይነት ስፌቶች አንዱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ፈንዲሻ» የሚል ስም አለው፤ ምሳሌውም ለዓይን ትክክል ነው። ይህ አሠራር ክር ይፈጃል፤ ነገር ግን ጨርቁን ያወፍረዋል፣ ያጠነክረዋልም። እንደ መረብ የሳሳ ቦርሳ ሳንቲም ሲያሾልክና በክብደት ሲላላ፣ ጕብ ጕብ ያለው ግን ቅርጹን ይዞ ይቈያል። እንግዲህ ጌጡ ከመጀመሪያውም ጥቅም ነበረው።

፪. ስለ ጥበቡ ዕድሜና ስለ ቦርሳው መምጣት

የኪሮሽ ሥራ እጅግ ጥንታዊ ነው የሚል ወሬ በብዙ መጽሐፎች ይገኛል። አንዳንዶች ከዓረብ አገር፣ አንዳንዶች ከደቡብ አሜሪካ፣ ሌሎችም ከቻይና መጣ ይላሉ። ዴንማርካዊቷ ተመራማሪ ሊስ ፓሉዳን እነዚህን አስተያየቶች መርምረው፣ ጥበቡ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ከ1800 በፊት በኤውሮፓ ይሠራ እንደ ነበረ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስረድተዋል። ብዙዎች የሚቀበሉት አስተያየት ግን የሚከተለው ነው። ከምሥራቅ አገሮች የመጣ፣ እንደ ከበሮ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በቀጭን መንጠቆ የሚሠራ የጥልፍ ዓይነት ነበረ፤ ይህም በ18ኛው መቶ ዓመት በኤውሮፓ ተስፋፋ። በኋላም ጨርቁ ቀርቶ የክሩ ሰንሰለት ራሱን ችሎ መሠራት ጀመረ።

በዚያው ጊዜ የሴቶች ልብስ ተለወጠ። በ18ኛው መቶ ዓመት የኤውሮፓ ሴቶች ከሰፊው ቀሚሳቸው ሥር በወገባቸው ላይ የሚታሰር ኪስ ነበራቸው። በ1790ዎቹ ግን የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን ልብስ የሚመስል፣ ስስና በሰውነት ላይ የሚያርፍ ቀሚስ ተለመደ፤ ከሥሩም ኪስ የሚደበቅበት ስፍራ ጠፋ። ስለዚህ ኪሱ ከቀሚሱ ሥር ወጥቶ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ሆነ። ስሙም ከላቲን ቋንቋ «ትንሽ መረብ» ከሚለው ቃል ወጣ፤ ፌዘኞች ግን ቃሉን ጥቂት ለውጠው «መሳቂያ» ማለት እንዲሆን አደረጉት። ተሰውሮ የነበረው ዕቃ በአደባባይ ሲታይ ማስጌጡ ግድ ሆነ።

በዚህ ምክንያት የኪሮሽ ሥራ ታሪክና የትንሿ ቦርሳ ታሪክ ከመነሻው የተሳሰሩ ናቸው። የኪሮሽን ሥራ በስሙ ጠርቶ አሠራሩን በማስተማር እስካሁን ከታወቁት ጽሑፎች የመጀመሪያው፣ በ1823 «ፔኔሎፔ» በምትባል የሆላንድ የሴቶች መጽሔት የወጣው ነው። ጽሑፉም ስለ ልብስ ወይም ስለ ጠረጴዛ ጨርቅ አይናገርም፤ በቀለም የተሳሉ አምስት የገንዘብ ቦርሳዎችን ያሳያል። ከአምስቱም ሦስቱ በሐር ክር በኪሮሽ የሚሠሩ ናቸው፤ አንደኛው እንደ መረብ ክፍት፣ ሁለተኛው በከፊል ክፍት ሆኖ በኮከብ የሚዘጋ፣ ሦስተኛው በሙሉ ድፍን ነበረ። መሣሪያውም ያው የጥልፉ መንጠቆ ነው።

ሐር የሚገዛ፣ መጽሔት የሚያነብና ሰፊ ጊዜ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ግልጥ ነው። የኪሮሽ ቦርሳ በዚያ ዘመን የባለጸጋ ቤት እመቤት በእልፍኟ ተቀምጣ ለወዳጅ የምትሠራው ስጦታ ነበረ። ይሁን እንጂ ጥበቡ የእልፍኝ ብቻ አልነበረም። ኤልሳቤጥ ግራንት የተባሉ የስኮትላንድ እመቤት ስለ 1812 በጻፉት ትዝታ፣ በመንጠቆ የተሠራ «የእረኞች ሹራብ» የሚባል ልብስ ይጠቅሳሉ። የእረኛው መንጠቆና የእመቤቲቱ መንጠቆ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ ነበር፤ የሚለያዩት በክሩ ዋጋና በጽሑፍ በመታሰብ ነበረ።

፫. ስለ ረኀቡ ዘመን

በ1845 የድንች በሽታ ወደ አየርላንድ ገባ። የድኻው ሕዝብ ምግብ በአብዛኛው ድንች ብቻ ስለ ነበረ ጥፋቱ ከባድ ሆነ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረኀብና በተስቦ ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1841 በተደረገው ቈጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ።

በዚህ ጊዜ በኮርክ አቅራቢያ በብላክሮክ የነበሩ የኡርሱላ ማኅበር መነኮሳይያት ለድኾች ልጆች የኪሮሽ ሥራ ያስተምሩ ነበር። በኪልዴር አውራጃም ወይዘሮ ሮበርትስ የተባሉ ሴት አስተማሪዎችን እያሠለጠኑ ወደየአገሩ ይልኩ ነበር። በ1847 ወደ ክሎኒስ ከተማ የመጡት የቄስ ባለቤት ወይዘሮ ካሳንድራ ሃንድ፣ ከእነዚህ አስተማሪዎች አንዲቱን አስመጥተው ሥራውን በሞናሃን አውራጃ አስፋፉ።

ከብዙ የእጅ ሥራዎች መካከል ኪሮሽ የተመረጠበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው አንድ መንጠቆ ነው፤ በእንጨት እጀታ ላይ ከተተከለና ከቆለመመ የስፌት መርፌ ሊሠራ ይችላል። የጥጥ ክሩ በፋብሪካ ስለሚፈተል ርካሽ ሆኖ ነበር። ጠባብና ጨለማ ጎጆ ውስጥ የሸማኔ ዕቃ አይተከልም፤ ኪሮሽ ግን በምድጃ ዳር፣ በደጃፍ፣ ሕፃን እየጠበቁም ይሠራል። ከሁሉም በላይ ሥራው ሊከፋፈል ይችላል። አንዲት ሴት ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ፣ ሦስተኛዋ የወይን ዘለላ ብቻ ትሠራለች፤ በመጨረሻም ሌላ እጅ ሁሉን በመረብ ያያይዛል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱ አበባ ነበረው፤ አሠራሩንም ከጎረቤት ይሰውር ነበር። ከጎጆው የሚወጣው ሥራ በአተር ምድር ማገዶ ጢስ ይጠቍር ስለ ነበረ፣ ከተሰበሰበ በኋላ ታጥቦና ነጥቶ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር። ገዢዎቹ ነጭ ሆኖ እንጂ ጠቍሮ አላዩትም።

፬. ጕብታው ስላወጣው ዋጋ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሠራተኞቹ በረኀብ ላይ ሳሉ፣ ክር የሚፈጀውንና ጊዜ የሚወስደውን ጕብ ያለ አሠራር ስለ ምን መረጡ? መልሱ በገበያው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የቬኔስያ ሠራተኞች በተራ የስፌት መርፌ የሠሩት፣ አበባው ከመሬቱ ጐልቶ የሚወጣው ዳንቴል፣ የነገሥታትና የጳጳሳት ጌጥ ነበረ። እንደዚያ ያለውን በመርፌ ለመሥራት እጅግ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በኪሮሽ ግን ተመሳሳዩን በጥቂት ቀን ማውጣት ተቻለ። የአየርላንድ ሴቶች ወፍራም ክር ከውስጥ አድርገው በላዩ እየሠሩበት ቅጠሉን አሳበጡት፤ ጽጌረዳውንም ቅጠል በቅጠል ላይ ደራረቡት። የክሎኒስ ሠራተኞች ደግሞ ክሩን በመንጠቆው ላይ ደጋግመው ጠምጥመው እንደ ዘር ፍሬ የከበበ ጥቃቅን ቋጠሮ አወጡ፤ እርሱም እስከ ዛሬ በከተማይቱ ስም «የክሎኒስ ቋጠሮ» ይባላል።

እንግዲህ ጠፍጣፋው ሥራ በርካሽ ሲሸጥ፣ ጕብ ያለው ከባለጸጋው የቬኔስያ ዳንቴል ጋራ እየተነጻጸረ ዋጋ ያወጣ ነበር። አንድ ክንድ ክር በጕብታው ላይ መጨመር ክር ማባከን አልነበረም፤ ድካምን ወደ ገንዘብ መለወጫ ነበረ እንጂ።

ሥራውን ማን ፈጠረው ለሚለው ጥያቄ የተጻፈው መልስ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል። ከ1840ዎቹ ጀምረው ብዙ የአሠራር መጽሐፍ ያሳተሙትና በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የተሸለሙት ኤሌኦኖር ሪየጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር፣ የአየርላንድን ኪሮሽ የጀመርኹት እኔ ነኝ ብለዋል። በ1865 «ዳንቴል ሠሪዎቹ» የተባለውን መጽሐፍ ያወጡት ሱዛና ሜሪዲትም በኮርክ የሥራ ትምህርት ቤት ይመሩ የነበሩ ናቸው። የጻፉት ሁሉ አስተማሪዎችና በጎ አድራጊዎች ነበሩ፤ የሠሩት ግን አልጻፉም። የመጽሐፍ ደራሲዋ አሠራሩን መዝግባ ማሰራጨቷ እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ጽጌረዳ ከሌላው የሚለየው ብልሃት በየጎጆው የተገኘ፣ ከእናት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ የተላለፈ ነው። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ዋናው ሰነድ መጽሐፉ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው፤ መርማሪውም የቋጠሮውን አጠማዘዝ እንደ ፊደል ማንበብ ይገባዋል።

፭. ስለ መድከሙና ስለ ቀሪው

የአየርላንድ ኪሮሽ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፓሪስና በኒው ዮርክ እጅግ የተወደደ ጌጥ ሆነ። በዚያን ጊዜ ኮትና አንገትጌ ብቻ ሳይሆን፣ በፊቷ ጐልቶ የወጣ ጽጌረዳ ያለባት፣ ከሥሯም የክር ፍሬዎች የሚንጠለጠሉባት ትንሽ የእጅ ቦርሳ በብዛት ትሠራ ነበር። የ1823ቷ የሐር ቦርሳ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ በድኾች እጅ አልፋ ወደ ባለጸጎች እጅ ተመለሰች፤ ልዩነቱ ቀድሞ ራሷ እመቤቲቱ የሠራቻት መሆኗ፣ ኋላ ግን ሠሪዋና ያዢዋ ፈጽሞ የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው።

መድከሙም የመጣው ዋጋ ካወጣለት ከዚያው ጕብታ በኩል ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በስዊስ አገር በሳንክት ጋለን፣ በጀርመንም በፕላውን የነበሩ ፋብሪካዎች፣ በመኪና በጨርቅ ላይ ከጠለፉ በኋላ ጨርቁን በመድኃኒት አሟሙተው ጥልፉን ብቻ ማስቀረት ቻሉ። በዚህም የአየርላንድን አበባ መልኩን ቀዱት። እውነተኛውን ኪሮሽ ግን፣ አንዱን ቀለበት በሌላው እየዘጋ የሚሄደውን፣ እነዚያ መኪናዎች አልሠሩትም። ገበያው ግን መልኩን እንጂ አሠራሩን አይመረምርምና ርካሹ አሸነፈ። ከ1914ቱ ጦርነት በኋላም የሴቶች ልብስ ቀለል ስላለ ፈላጊው አነሰ። ዛሬ በክሎኒስ ሥራው በጥቂት እጆች ተጠብቆ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለሌሎችም የእጅ ሥራዎች ይሆናል። ጌጥ የተባለውን ሁሉ የትርፍ ነገር አድርጎ መቍጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ጌጡ ምን ያህል ክር እንደ ፈጀ፣ በማን ቤት እንደ ተሠራ፣ ለማንስ እንደ ተሸጠ ሲጠየቅ የኑሮ ታሪክ ይወጣል። በኢትዮጵያም በየቤቱ የሚገኙት የሙዳይ ስፌትና የኪሮሽ ዳንቴል፣ የሠሪዎቻቸው ስም ሳይረሳ፣ እንደዚሁ ቢጠየቁ ብዙ የሚመልሱት አላቸው።