ወረታ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ የሙቀት መለኪያን እንዴት ማመን ይቻላል?

በፎገራ ሜዳ ሙቀትን መለካት የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላም መኖ ስትተው፣ ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሩዝ ዘለላ ሊያወጣ ሲቃረብ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ውሳኔ የሚሰጠው ቴርሞሜትር ያሳየውን ቁጥር ይዞ ነው። የተሳሳተ መለኪያ ግን ትክክለኛውን ይመስላል፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ካሊብሬሽን ምንድን ነው?

መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ መለኪያ ወይም ከታወቀ የሙቀት ነጥብ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ማወቅ ካሊብሬሽን ይባላል። በሀገር ደረጃ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው። ቀላል ፍተሻ ግን በቤትም ማድረግ ይቻላል።

የፈላ ውኃ ለምን ያሳስታል?

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ የመፍያው ነጥብ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በምትገኘው ወረታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። ስለዚህ ወረታ ላይ በፈላ ውኃ ውስጥ 94 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ጤነኛ ነው፤ መጠርጠር ያለበት 100 የሚያሳየው ነው።

በበረዶ መፈተሽ

ከፍታ የማይለውጠው አስተማማኝ ነጥብ የሚቀልጥ በረዶ ነው። በንጹሕ ውኃ የተሠራ በረዶ ተፈጭቶ ብርጭቆ ይሞላበታል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃም ይጨመርበታል። ጨው ሙቀቱን ከዜሮ በታች ስለሚያወርደው ሊገባበት አይገባም። የመለኪያው ጫፍ የብርጭቆውን ግድግዳና ታች ሳይነካ መሐል ላይ ይያዛል፤ እየተማሰለ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይነበባል። ዜሮ ማሳየት ሲገባው 2 ካሳየ፣ በዚያ አካባቢ ባሉ ንባቦች ላይ ሁለት ዲግሪ መቀነስ ይገባል።

ይህ ዘዴ ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ለሚለካው የሕክምና ቴርሞሜትር አይሠራም። እርሱን ትክክለኛነቱ ከታወቀ ሌላ ቴርሞሜትር ጋር ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማነጻጸር ይሻላል። በፈላ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ግን ሊፈነዳ ይችላል።

መለኪያው ጤነኛ ሆኖ አለካኩ ሲሳሳት

ፀሐይ ያረፈበት ቴርሞሜትር የራሱን ግለት እንጂ የአየሩን ሙቀት አያሳይም። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መለኪያውን አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለም ያሳስታል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ የማሳው ብርድ ይደበቃል።

ሩዝ ዘለላ ሊያወጣ ሲቃረብ ከ15 እስከ 17 ዲግሪ በታች የሚወርድ ቅዝቃዜ የአበባውን ብናኝ ሊያመክነው ይችላል፤ ዘለላውም ፍሬ አልባ ይቀራል። መለኪያው ሁለት ዲግሪ አስበልጦ ካሳየ፣ የብርዱ ጥፋት በዘሩ ወይም በማዳበሪያው ሊሳበብ ይችላል።

የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩ የፊንጢጣዋን ግድግዳ ሳይነካ እበት ውስጥ ከተሰካ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ ትኩሳቷ ሳይታይ ያልፋል። በሕፃናትም በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፤ የግማሽ ዲግሪ ስሕተት የታመመውን ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የነበረበት ሕፃን፣ ቴርሞሜትሩ ደኅና ነው ቢልም እንኳ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር አለበት።

የተፈተሸበትን ቀንና የተገኘውን ልዩነት በወረቀት ጽፎ መሣሪያው ላይ መለጠፍ ይጠቅማል፤ ከወደቀ ወይም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከተቆራረጠ ደግሞ ዳግም መፈተሽ ወይም መቀየር ይኖርበታል።