ዕውቀት እንደ ውርስ፦ የሻርክ ቤይ ዶልፊኖች ብልህነትና የጥበቃ ፖሊሲ

መግቢያ

ስለ ዶልፊን ብልህነት የሚደረገው ክርክር ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በአንጎል መጠን ላይ ነው። ቦትልኖዝ የተባለው ዝርያ አንጎል 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሰው አንጎል ይበልጣል ማለት ነው። ይሁንና በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ፖል ማንገር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ የዶልፊን አንጎል የገዘፈው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሙቀት ለማመንጨት እንጂ ለማሰብ አይደለም ሲል ተከራክሯል። በርካታ የመስኩ ባለሙያዎች ይህን መላምት በጽሑፍ ሞግተውታል። ክርክሩ ግን አንድ ቁም ነገር አስጨብጧል፤ የአንጎል ክብደት ብቻውን የእንስሳውን የማሰብ ችሎታ አይመሰክርም። ስለዚህ ይህ መጣጥፍ የዶልፊንን ብልህነት ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍ ዕውቀት ውስጥ ይፈልገዋል። ይህ አመለካከት ተቀባይነት ካገኘም የዱር እንስሳት ጥበቃ መለኪያ ሊሻሻል እንደሚገባ ያመለክታል።

መተዋወቅና ማስታወስ

ከሌላው ለመማር በቅድሚያ ሌላውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜልባና ዴቪድ ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳመለከቱት፣ እያንዳንዱ ዶልፊን የራሱ የሆነ መለያ ፉጨት አለው። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስቴፋኒ ኪንግና ቪንሰንት ጃኒክ ደግሞ በ2013፣ የዱር ዶልፊኖች የራሳቸውን መለያ ፉጨት ቅጂ ሲሰሙ መልስ እንደሚሰጡ፣ የሌላውን ሲሰሙ ግን ይህን ያህል ምላሽ እንደማያሳዩ በሙከራ አረጋግጠዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የጄሰን ብሩክ ጥናት፣ ዶልፊኖች ከ20 ዓመት መለያየት በኋላም የቀድሞ ጓደኞቻቸውን ፉጨት እንደሚለዩ አሳየ። ማን ማን እንደሆነ እያወቁና እያስታወሱ የሚኖሩ እንስሳት፣ ከማን ምን እንደሚማሩ ለመምረጥ የሚያስችል መሠረት አላቸው።

ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአቻ ወደ አቻ

ዶልፊኖች አንዱ ከሌላው እንደሚማሩ የተሟላ ማስረጃ የሚገኘው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ በተባለው ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ የባሕር ወሽመጥ ነው። በዚህ ስፍራ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዶልፊኖችን በየግል እየለዩ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከእነዚህ ዶልፊኖች አንዳንዶቹ ከባሕሩ ወለል ስፖንጅ ነቅለው በአፋቸው ጫፍ ላይ እንደ ጓንት ያጠልቁታል፤ ከዚያም ወለሉን እየማሱ በአሸዋ የተሸሸጉ ዓሦችን ያስነሣሉ። ስፖንጁ ቆዳቸውን ከድንጋይና ከዛጎል ስብርባሪ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ልፋት የሚጠይቅ ዘዴ ለምን መረጡ? ዶልፊን በተለመደው አደን ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ያዳምጣል። ማሚቶውን አጉልተው ከሚመልሱት ነገሮች ዋነኛው በዓሦች ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። በዚያ ወለል ከሚሸሸጉት ዓሦች ብዙዎቹ ይህ ከረጢት የላቸውም። ስፖንጅ የሚጠቀም ዶልፊን ስለዚህ ሌሎቹ በቀላሉ የማያገኙትን ምግብ ያገኛል።

ሚካኤል ክሩትዘንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት የዘረ መል ጥናት መሠረት፣ ዘዴው በዋናነት የሚተላለፈው በእናት ወገን ሲሆን አዘውትረው የሚጠቀሙበትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ግልገል ለዓመታት እናቱን ተከትሎ ስለሚኖር ለመማር በቂ ጊዜ አለው። ልዩነቱ የመጣው ከአካባቢው ሁኔታ ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አልቀረም። ይሁን እንጂ ስፖንጅ ተጠቃሚዎቹ በሚያድኑበት በዚያው ውሃ ስፖንጅ የማይጠቀሙ ዶልፊኖችም አብረው ያድናሉ፤ የአካባቢው ሁኔታ ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም።

የመማሪያው መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ የሻርክ ቤይ ዶልፊኖች በትልልቅ ባዶ ዛጎሎች ውስጥ የተደበቀን ዓሣ፣ ዛጎሉን ወደ ውሃው ገጽ አውጥተው በመነቅነቅ ወደ አፋቸው ያስገባሉ። ሶንያ ዋይልድና ባልደረቦቿ በ2020 እንዳሳዩት፣ ይህ ዘዴ በይበልጥ የሚዛመተው አብረው በሚውሉ አቻዎች መካከል ነው።

በባሕሩ ሥርዓት ውስጥ ያለው ቦታ

ዶልፊን ዓሣ አዳኝ እንደሆነ ሁሉ ራሱም ይታደናል። ማይክል ሃይትሃውስና ሎረንስ ዲል በሻርክ ቤይ ባደረጉት ጥናት፣ ታይገር ሻርኮች በሚበዙባቸው ሞቃት ወራት ዶልፊኖች ዓሣ የሞላበትን ጥልቀት የሌለውን የባሕር ሣር ሜዳ እንደሚሸሹ፣ ሻርኮቹ ሲቀንሱ ግን ዓሣ ወዳለበት እንደሚያዘነብሉ ተረጋግጧል። በየትኛው ስፍራ፣ በየትኛው ወር፣ የትኛው ዓሣ እንደሚበላ የሚወስነው እንግዲህ የዶልፊኑ ረኃብ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱና የተማረው ዘዴም ነው። በአንድ ወሽመጥ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ አባላት የተለያየ ዘዴ ሲይዙ የተለያየ ምግብ ይበላሉ፤ በባሕሩ የምግብ ሰንሰለት ላይ የሚያሳርፉት ጫናም ይከፋፈላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ያልተለመደ የባሕር ሙቀት የምዕራብ አውስትራሊያን ጠረፍ መታ። ከሻርክ ቤይ የባሕር ሣር ከሲሶ በላይ የሚሆነው ተጎዳ። ሣሩ የዓሦች መጠለያ ስለነበር ጉዳቱ እስከ ዶልፊኖቹ ደረሰ። ዋይልድና ባልደረቦቿ በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ከሙቀቱ በኋላ የዶልፊኖቹ በሕይወት የመቆየት መጠን በ12 በመቶ ቀንሷል፤ ሴቶቹም ከቀድሞው ያነሰ ግልገል ወልደዋል። ስፖንጅ የሚጠቀሙት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ተጎዱ። ከእናት የተወረሰው ዘዴ በችግር ዘመን የመትረፊያ ስንቅ ሆነ።

መደምደሚያ

የተለመደው የጥበቃ አሠራር እንስሳቱን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ካልቀነሰ ሥጋት የለም ብሎ ይደመድማል። የሻርክ ቤይ ማስረጃ ይህ ሒሳብ ጎደሎ መሆኑን ያሳያል። ጥቂት አዋቂ እናቶች በመረብ ተይዘው ቢሞቱ ከቆጠራው የሚቀነሰው ጥቂት ነው፤ ከእነሱ ጋር የሚጠፋውን ዘዴ ግን በሌላ ስፍራ የተወለዱ ዶልፊኖችን በማምጣት መተካት አይቻልም። ስደተኛ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች በ2014 በኪቶ ባደረጉት ጉባኤ፣ የዓሣ ነባሪዎችና የዶልፊኖች ባህል በጥበቃ ውሳኔዎች ውስጥ እንዲታሰብ ጠይቀዋል። ውሳኔው ወደ ተግባር የሚለወጠው የዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ የሚሰጡና የባሕር ክልል የሚከልሉ መሥሪያ ቤቶች ከቁጥር ባሻገር፣ የትኛው የዶልፊን ቡድን ምን ዓይነት ዕውቀት እንደያዘ መመዝገብና በፈቃድ አሰጣጣቸው ውስጥ ማካተት ሲጀምሩ ነው። ተመራማሪዎችም ይህን መረጃ ለፖሊሲ አውጪዎች በሚገባ ቋንቋ የማቅረብ ኃላፊነት አለባቸው።