ፉጨት፣ ፊሽካ እና ጥቆማ፦ ትርጉማቸው፣ አጠቃቀማቸውና ኢስላማዊ እይታው



ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምት መንገድ ላይ የምትገኘው ጉደር ስሟን ወደ ዓባይ ከሚገባው ወንዟ ጋር ትጋራለች። ወንዝ ዳር እረኛ ከብቶቹን ሲያጠጣ ያፏጫል። አስፋልቱ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነፍቶ መኪና ያስቆማል። ሁለቱንም ድምፅ በየቀኑ እንሰማለን፤ ዲናችን ስለ እነርሱ ምን እንደሚል ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው በጥቂቱ ነው።

የቃሉ ትርጉም

ፉጨት በከንፈር ወይም በጣት የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ነው። ነፋስም ጥይትም ያፏጫል እንላለን። ፊሽካ ግን የሚነፋው ዕቃ ነው፤ ቃሉም ከጣሊያንኛ የገባ ነው። በዐረብኛ ፉጨት «ሶፊር» ይባላል። ቁርኣን የተጠቀመው ቃል ደግሞ «ሙካእ» ሲሆን፣ ሙፈሲሮች «መካእ» ከምትባል የሒጃዝ ወፍ ድምፅ ጋር ያያይዙታል።

በቁርኣን

በሱረቱል አንፋል 35ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የመካ ሙሽሪኮች በካዕባ ዘንድ የነበራቸው ስግደት ማፏጨትና ማጨብጨብ ብቻ እንደነበር ይነግረናል። የተወገዘው ፉጨትን ዒባዳ ማድረጋቸው ነው። ከዒባዳ ውጭ ስላለው ፉጨት ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ሸይኽ ዐብዱልቃዲር አል-ጀይላኒን ጨምሮ ብዙዎች የተጠላ (መክሩህ) ነው ብለዋል። ለሐጃ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለእረኛ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ የሚገልጹ አሉ። በሴት ልጅ ላይ ማፏጨት ግን ዓይንን ስበሩ ከሚለው የሱረቱ ኑር ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ ነውር ነው። «ማታ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል» ለሚለው አባባል ደግሞ ከቁርኣንም ከሰሒሕ ሐዲስም ማስረጃ የለውም።

በሶላት ውስጥ ያለው ማንቂያ

ኢማም ሲሳሳት ከኋላው ያሉ ወንዶች «ሱብሓነላህ» ይላሉ፤ ሴቶች በእጃቸው ያጨበጭባሉ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሱና ነው። ልብ እንበል፦ መሪ ሲሳሳት ተከታይ ዝም አይልም፤ ሶላቱንም አያፈርስም። በአደብ ያነቃል።

ፊሽካ ነፊ ማነው?

ከዚህ የምንደርሰው ዛሬ በስፋት ወደሚነገረው ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ በመሥሪያ ቤቱ የተደበቀ ጥፋት የሚያጋልጥን ሰው «ፊሽካ ነፊ» ይሉታል። የእኛ ሕግ «ጠቋሚ» ይለዋል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን ከመደበቅ አንሥቶ የተለያዩ ጥበቃዎችን ይሰጣል። ጥበቃው ግን ለማንኛውም ጥቆማ ሳይሆን ለከባድ ወንጀሎች ነው።

በአገራችን ጠቋሚን ከ«ጆሮ ጠቢ» ጋር የማምታታት ልማድ አለ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ጆሮ ጠቢ የሰውን ገመና ይሰልላል፤ ይህን ሱረቱል ሑጁራት 12 ከልክሏል። ጠቋሚ ግን የሕዝብ አማና ሲበላ ያየውን ይመሰክራል። ምስክርነትን መደበቅ ልብን ኃጢአተኛ እንደሚያደርግ ሱረቱል በቀራህ 283 ያስተምራል፤ በራስና በዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ መቆምን ሱረቱ ኒሳእ 135 ያዛል።

የመስጂድ ግንባታ ገንዘብ፣ ዘካና የየቲሞች ድጋፍ አማና ናቸው። ጉድለት ያየ ሰው በመጀመሪያ ያረጋግጥ፤ ሱረቱል ሑጁራት 6 የሚያዘው ይህንን ነው። ቀጥሎ ለሚመለከተው ኮሚቴ ማስረጃ ይዞ ይናገር፤ ካልተሰማ ወደ ሕግ አካል ይሂድ። ሳያረጋግጡ በማኅበራዊ ሚዲያ ስም ማጥፋት ጥቆማ አይደለም። አይቶ ዝም ማለትም ትዕግሥት አይደለም።

እንግዲህ ፊሽካን ያለ ምክንያት የሚነፋ ዳኛ ጨዋታ ያበላሻል፤ ጥፋት እያየ የማይነፋም እንዲሁ። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።